ሰዓቱ ከማን ይወሰድ? የሰርቨር ክላስተሮች የሰዓት አለመናበብ በድሬዳዋ ሁኔታ ሲታይ

በአንድ ክላስተር ውስጥ አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ሰዓታቸው ሳይናበብ ሲቀር ችግሩ በራሱ ስም አይገለጥም። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ እንዳልተቀበለው ይናገራል፤ የመረጃ ቋቱ ባለሙያ ትናንት የተስተካከለ መዝገብ ዛሬ በቀድሞ ይዘቱ እንደተገኘ ያመለክታል፤ የኔትወርክ ባለሙያው መስመሩን ፈትሾ እንከን እንደሌለው ያረጋግጣል። ሁሉም የሚናገሩት እውነት ነው፤ ከመካከላቸው ግን ሰዓትን የሚያነሣ የለም። በመጨረሻ አንድ ሰው የሰርቨሮቹን ሰዓት ጎን ለጎን ያስተያይና ልዩነቱን ያገኘዋል፤ የእጅ ስልኩን እያየ በእጁ ያስተካክለዋል፤ አገልግሎቱን አጥፍቶ ያስነሣዋል፤ ጉዳዩም ተዘጋ ይባላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ያለው አሠራር ማስታገሻ እንጂ ጥገና አይደለም የሚል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሙቀት በሚበረታበትና የኢንተርኔት መስመሩ ረጅም በሆነበት እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ ባለሙያው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሰዓቱ ከማን እንደሚወሰድ ነው። አንድ ክላስተር በቅድሚያ እርስ በርሱ፣ ከዚያም ከዓለም ጋር መናበብ ይኖርበታል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ተቋሙ በገዛ ግቢው ውስጥ የራሱ የሰዓት ምንጭ ሊኖረው ይገባል።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱት በየዩኒቨርሲቲያቸው በኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተር በሚሰጥ ማንኛውም ፈተና መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚወስነው በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሳይሆን የሰርቨሩ ሰዓት ነው። ጭነቱ ለብዙ ሰርቨሮች ተከፋፍሎ ሳለ አንዱ ሰርቨር ከሌሎቹ በ4 ደቂቃ ይቀድማል እንበል። በፈተናው መካከል ግንኙነቱ ተቋርጦበት ሲመለስ ወደዚያ ሰርቨር የተመራ ተፈታኝ 4 ደቂቃ ያጣል። አቤት ቢልም የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖርም፤ ማስረጃውን የመዘገበው ያው የቀደመው ሰዓት ነውና።

በመረጃ ቋቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይልቅ የተደበቀ ነው። ካሳንድራን የመሰሉ ቋቶች በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ሲገናኙባቸው የሰዓት ማኅተሙ የዘገየውን፣ ማለትም የቅርብ ጊዜ የሚመስለውን፣ ይቀበላሉ። ሰዓቱ 5 ደቂቃ የቀደመ ሰርቨር አንድ መዝገብ ቢጽፍ፣ በሚቀጥሉት 5 ደቂቃዎች ውስጥ በትክክለኛው ሰርቨር በኩል የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ «አሮጌ» ተብሎ ይጣላል። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ጽሑፉ ተሳክቷል የሚል መልስም ይሰጣል። ሴፍ የተባለው የማከማቻ ሥርዓት በአንጻሩ ጠንቃቃ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ከ0.05 ሰከንድ በላይ ከተለያዩ ማስጠንቀቂያ ያሰማል። ኮክሮችዲቢ እስከ 500 ሚሊሴኮንድ ይታገሣል፤ ከርቤሮስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ 5 ደቂቃ ይታገሣል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ልዩነት ተጠቃሚዎች ያለ ችግር እየገቡ መረጃ በጸጥታ የሚበላሽበትን ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል። «ሁሉም ሰው እየገባ ነው፤ ሰዓቱ ምንም አልሆነም» የሚለው አባባል ከዚህ የተነሣ የሚያረጋጋ ሊሆን አይገባም።

ድሬዳዋ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ሲደርስባት ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ በፀሐይ አቆጣጠር ቀትር በድሬዳዋ ከአዲስ አበባው በ12 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቀድማል፤ ከጅቡቲው ደግሞ በ5 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሦስቱም ከተሞች በየራሳቸው ፀሐይ ትክክል ናቸው። በአንድ ነጠላ ሐዲድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ባቡሮች ግን በሁለት ትክክለኛ ሰዓቶች መመራት አይችሉም። በእንግሊዝ ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1840 በመስመሩ ላይ ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ በለንደን ሰዓት እንዲሠሩ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነበር። ውሳኔው የየከተማው ሰዓት ሐሰት ነው ማለት አልነበረም፤ የጋራ ምንጭ ያስፈልጋል ማለት ነበር። ክላስተርም ከዚህ አይለይም።

ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ሕግ ምንም ነገር ከመንካት በፊት ልዩነቱን በቁጥር መመዝገብ ነው። የቸኮለ ባለሙያ ሰዓቱን ሲያስተካክል ዋናውን ማስረጃ ያጠፋል፤ የልዩነቱ መጠን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ይናገራልና። በኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ከሌላው ዓለም ይልቅ እውነት ነው።

ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ክሪስታሉን መጠርጠር ከንቱ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በአካባቢው አቆጣጠር ሲይዝ፣ ሊኑክስ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት እንደተሞላ አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ማሽን ላይ ተፈራርቀው ሲጫኑ ወይም ዊንዶውስ የነበረበት ማሽን ወደ ክላስተሩ ሲቀላቀል የሚፈጠረው ስህተት 3 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰከንድ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ጉዳዩ የሰው ነው። ለድሬዳዋ ነዋሪ ጠዋት 3 ሰዓት ኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ብሎ የሚያሳየው ነው። ኮምፒውተሩ «ተሳስቷል» ብሎ 9ን ወደ 3 የለወጠ ሰው ሰርቨሩን 6 ሰዓት ወደኋላ መልሶታል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ «8» ብሎ የከሰዓት ምልክቱን የተወ ደግሞ 6 ሰዓት ወደፊት ወስዶታል። ይህ ለመሳለቂያ የሚነገር ሳይሆን በሥራ መመሪያ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። የሀገሩ አቆጣጠር ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ለተጠቃሚው የሚታየው ገጽ ላይ እንጂ በሰርቨሩ ልብ ውስጥ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ የቀረ ሰርቨር ሲገኝ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በእጁ ያስገባ ሰው መኖሩን መገመት ይቻላል። ምልክቱም የታወቀ ነው፦ ደኅንነታቸው የተጠበቀ ግንኙነቶች ሁሉ የምስክር ወረቀቱ የጸና የሚሆንበት ቀን ገና አልደረሰም እያሉ ይቋረጣሉ።

ሰርቨሩ በአሥርተ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ እ.ኤ.አ. 1970ን ወይም ማዘርቦርዱ የተሠራበትን ዘመን ካሳየ፣ ከመብራት መጥፋት በኋላ ሰዓቱን ይዞ የሚቆየው ትንሽ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ጥቂት ብሮች የምታወጣ ይህች ባትሪ ሞታ መገኘቷ የሚታወቀው ረጅም የመብራት መቋረጥ ሲደርስ ብቻ ነው። የዩፒኤስና የጄኔሬተር ጥገና መርሐ ግብር ያላቸው ተቋማት እንኳ ይህችን ባትሪ ሲያስታውሷት አይታይም። ልዩነቱ 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው የጂፒኤስ መቀበያ ነው። የጂፒኤስ ምልክት ሳምንታትን እስከ 1024 ብቻ ቆጥሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው መመለሻ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 መጀመሪያ ላይ ነበር። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ መቀበያዎች በዚህ ይሰናከላሉ።

በዚህ መካከል አንድ የታሪክ ቅራፊ ማንሣት ይቻላል። ብዙ ኮምፒውተሮች የሚገለገሉበት የሰዓት ሰቅ መዝገብ ኢትዮጵያ የዛሬውን የ3 ሰዓት ልዩነት የጀመረችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936 እንደሆነ ይገልጽ ነበር፤ ከዚያ በፊት ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እንደነበረ ይጽፋል። ቀኑ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። በአሁኑ መዝገብ ውስጥ የአዲስ አበባ ሰቅ ራሱን የቻለ ታሪክ የለውም፤ ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ተለዋጭ ስም ብቻ ሆኗል። ለዛሬ ሰርቨሮች ይህ ለውጥ አያመጣም። የቆዩ ሰነዶችን በዲጂታል መልክ ለሚያደራጁ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ሊታወቅ ይገባዋል።

ከላይ የተነሡት ትልልቅ ስህተቶች ናቸው፤ ስለ ትልቅነታቸውም በቀላሉ ይያዛሉ። የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ ናቸው። እነዚህም ሁለት ምንጮች አሏቸው፤ ክሪስታሉና መስመሩ።

ማንኛውም ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ነው። በሚሊዮን 20 የሚሳሳት ተራ ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ ገደማ ይንሸራተታል። ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘው ክሪስታል በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በትክክል እንዲሠራ የተቃኘ ነው፤ ከዚያ በወጣ ቁጥር፣ ሙቀቱ ቢጨምርም ቢቀንስም፣ ይዘገያል። መዘግየቱም በልዩነቱ ካሬ ያድጋል። በ35 ዲግሪ በቀን 0.3 ሰከንድ ያህል የነበረው በ45 ዲግሪ 1.2 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ስህተቱ አራት እጥፍ ያድጋል። ከግንቦት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በድሬዳዋ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው የማቀዝቀዣ መሣሪያው ነው፤ ሰርቨሮቹ ግን በዩፒኤስ እየሠሩ ክፍሉን ማሞቃቸውን ይቀጥላሉ። ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም የክሪስታሉን ጠባይ ለሳምንታት አጥንቶ ማስተካከያውን በፋይል ይዞ ይኖራል፤ ያጠናው ጠባይ ግን የቀዘቀዘው ክፍል ጠባይ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ የተማረው ማስተካከያ አይበቃም። ከዚህም በላይ በመደርደሪያው ላይኛው ክፍል ያለው ሰርቨር ከታችኛው ይልቅ ስለሚሞቅ ሰርቨሮቹ በተለያየ ፍጥነት ይንሸራተታሉ።

መስመሩ ግን ከክሪስታሉ ይልቅ አሳሳች ነው፤ ይህ ጽሑፍ በይበልጥ ሊያሳስብ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 በይፋ ያቀረበውና ዛሬ በአራተኛ እትሙ የሚሠራበት ኤንቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል አራት የሰዓት ማኅተሞችን ይጠቀማል፦ ጥያቄው የተላከበትን፣ ጥያቄው የደረሰበትን፣ መልሱ የተላከበትንና መልሱ የደረሰበትን። ከእነዚህ የደርሶ መልስ ጉዞው ምን ያህል እንደፈጀ በትክክል ማወቅ ይቻላል። የመሄጃውና የመመለሻው ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ ግን ማወቅ አይቻልም። ፕሮቶኮሉ እኩል ናቸው ብሎ ይገምታል።

ግምቱ ሲፋለስ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንይ። ሦስት ሰርቨሮች ያሉት የሴፍ ክላስተር በድሬዳዋ ተተክሎ ሰርቨሮቹ ሰዓታቸውን በየፊናቸው ከውጭ ሀገር ምንጮች ይወስዳሉ እንበል። የመጀመሪያው ሰርቨር የደርሶ መልስ ጉዞ 200 ሚሊሴኮንድ ሆኖ ሲሄድ 60 ሲመለስ 140 ቢፈጅ፣ ሰርቨሩ የሁለቱን ልዩነት ግማሽ ማለትም 40 ሚሊሴኮንድ ወደኋላ ይቀራል። ሁለተኛው ሰርቨር በሌላ ምንጭ በኩል ሲሄድ 130 ሲመለስ 70 ቢፈጅበት 30 ሚሊሴኮንድ ይቀድማል። በሁለቱ መካከል የ70 ሚሊሴኮንድ ልዩነት አለ፤ ሴፍ ከሚታገሠው 50 ሚሊሴኮንድም አልፏል። እያንዳንዱ ሰርቨር ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን የተናበበ መሆኑንና ከምንጩ ጋር ያለው ልዩነት ዜሮ ሊባል የሚችል መሆኑን ይመልሳል። አይዋሽም። የሚለካበት መስመር ራሱ ያጋደለ ስለሆነ ማጋደሉን ከውስጥ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ባለሙያው ሦስቱንም መርምሮ «ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ ሲወጣ ማስጠንቀቂያው ከኋላው መጮኹን ይቀጥላል።

ፕሮቶኮሉ ለዚህ መከላከያ የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ምንጮችን ያነጻጽራል፤ ከየምንጩ ከመጡት 8 የቅርብ ናሙናዎች መካከልም መዘግየቱ አነስተኛ የሆነውን ይመርጣል። ይሁንና የተቋሙ የኢንተርኔት መውጫ ቀኑን ሙሉ በሚጨናነቅበት ጊዜ ከስምንቱ ሁሉ የሚመረጥ ጥሩ ናሙና አይገኝም። መጨናነቁ በአብዛኛው በማውረድ በኩል ስለሆነ መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል፤ ሰርቨሮቹም በተለያየ ደቂቃ ስለሚጠይቁ እኩል አይሳሳቱም። ልዩነቱ በሥራ ሰዓት እየሰፋ ሌሊት የሚጠብ ከሆነ መፈተሽ ያለበት የመውጫ መስመሩ ነው። ይህን ለማየት የአንድ ቀን መለኪያ አይበቃም፤ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ምናባዊ ሰርቨሮች የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ለጊዜው ቆመው እንደገና ሲቀጥሉ የቆሙበትን ጊዜ አያውቁም። በተጨማሪም አስተናጋጁ ማሽንና በውስጣቸው ያለው ፕሮግራም ሰዓታቸውን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል ሲሻሙ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ከሁለቱ አንዱን መዝጋት ይበቃል።

መስመሩ ጨርሶ በማይኖርበት ጊዜስ? በኢትዮጵያ ይህ የታየ ነገር ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ነበር፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሦስት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ተቋርጧል። ስለ ፖለቲካው መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። በስሌት ግን በቀን 1.7 ሰከንድ የሚንሸራተት ሰርቨር በ21 ቀን ውስጥ ወደ 36 ሰከንድ ይርቃል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚንሸራተቱ ሁለት ሰርቨሮች ከ1 ደቂቃ በላይ ይራራቃሉ። ኢንተርኔት ተቋርጦም ቢሆን የተቋሙ የውስጥ ኔትወርክ ይሠራል፤ ደመወዝ ይሰላል፣ ውጤት ይመዘገባል፣ መጋዘን ይቆጠራል። ክላስተሩ በጣም የሚያስፈልገው የውጭው ሰዓት በሌለበት በዚያው ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ ቀላል ነው። በተቋሙ ግቢ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የሰዓት ሰርቨሮች ይሰየሙ፤ የክላስተሩ አባላት ሁሉ ሰዓታቸውን ከእነዚህ ብቻ ይውሰዱ፤ ወደ ውጭ የሚጠይቁት የሰዓት ሰርቨሮቹ ብቻ ይሁኑ። በአካባቢ ኔትወርክ ውስጥ የደርሶ መልስ ጉዞው ከ1 ሚሊሴኮንድ ስለማይበልጥ የመስመር ማጋደል የሚፈጥረው ስህተት ከግማሽ ሚሊሴኮንድ ሊያልፍ አይችልም። የሰዓት ሰርቨሮቹ ከዓለም በ40 ሚሊሴኮንድ ቢሳሳቱ እንኳ ክላስተሩ አብሮ ይሳሳታል፤ አብሮ የተሳሳተ ክላስተር ደግሞ መረጃ አያበላሽም። ክሮኒና ኤንቲፒዲ የውጭ ምንጭ ሲጠፋ የሰዓት ሰርቨሮቹ ከመካከላቸው አንዱን መሪ አድርገው እንዲቀጥሉ የሚያስችል ቅንብር አላቸው፤ በነባሪው ግን ተዘግቶ ስለሚመጣ ሆን ብሎ መክፈት ያስፈልጋል። ይህ እስከዚህ ድረስ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጣዩ እርምጃ ጥቂት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይኸውም ከሰዓት ሰርቨሮቹ ቢያንስ አንዱን ከጂፒኤስ መቀበያ ጋር ማገናኘት ነው። በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ መቀበያ፣ ሰማይ የሚያይ አንቴናና ትንሽ ኮምፒውተር ተደምረው ከአንድ ሰርቨር ዋጋ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ የሚሰጡት ትክክለኛነት ግን ከ1 ሚሊሴኮንድ በብዙ እጥፍ የተሻለ ነው። በረጅም ርቀት መስመር ላይ ያለው የማጋደል ችግር በአንድ ጊዜ ይወገዳል፤ ሳተላይቱ ከአዲስ አበባም ከድሬዳዋም እኩል ይታያልና።

ተቃውሞዎች አይጠፉም። የጂፒኤስ ምልክት ደካማ ስለሆነ ሊታወክ ይችላል፤ የሳምንት ቆጠራው ችግርም ከላይ ተነሥቷል። ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው፤ የሚመልሰው ግን አንቴናውን መተው ሳይሆን ከእሱ ጎን የውጭ ምንጮችን ለማመሳከሪያ ማቆየት ነው። የተሳሳተውን አንድ ምንጭ ለይቶ ለመጣል ቢያንስ ሦስት፣ ይልቁንም አራት ምንጮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ምንጮች ሲጣሉ ፈራጅ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከንድፈ ሐሳብ የሚመጣ ነው። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት የተበታተኑ ሥርዓቶች የክንውኖችን ቅደም ተከተል ያለ አካላዊ ሰዓት በሎጂካዊ ቆጣሪ ሊጠብቁ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ታዲያ ስለ ክሪስታል ምን ያስጨንቃል? ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ አዲስ ሥርዓት ለሚነድፉ ተመራማሪዎችም መነሻ ሊሆናቸው ይገባል። የተቋማት የኮምፒውተር ክፍሎች ግን ሥርዓት አይነድፉም፤ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይጭናሉ፤ ሶፍትዌሩም በአካላዊ ሰዓት ይተማመናል። ፈተና የሚዘጋበት ሰዓትም የቅደም ተከተል ጉዳይ አይደለም፤ ከፈታኙና ከተፈታኙ ሰዓት ጋር መግጠም አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረገው ስፓነር በተባለው የመረጃ ቋቱ በየማእከሎቹ የጂፒኤስ መቀበያዎችንና አቶሚክ ሰዓቶችን እንደተከለ ገልጿል። በዓለም ካሉት ፈጣን መስመሮች አንዱን የያዘ ድርጅት በመስመሩ ላይ ብቻ ካልተማመነ፣ መስመሩ የሚቆራረጥበት ተቋም የሚተማመንበት ምክንያት አይታይም።

የምንጩ ጉዳይ ከተፈታ በኋላ የሚቀረው የአነሣሥ ቅደም ተከተል ነው፤ ይህም ከሚታሰበው በላይ ብዙ ጥፋት ያደርሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይነሣል። ሰርቨሮቹ ተነሥተው የመረጃ ቋቱን ሲጀምሩ የኔትወርክ መሣሪያዎቹ ገና ላይደርሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቋቱ በማዘርቦርዱ ሰዓት መጻፍ ይጀምራል። ከደቂቃዎች በኋላ ሰዓቱ ሲስተካከል ወደኋላ ሊዘል ይችላል፤ ቋቱም ነገ የተጻፉ የሚመስሉ መዝገቦችን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የቋቱ አገልግሎት ሰዓቱ መናበቡ ሳይረጋገጥ እንዳይነሣ በቅንብር መታሰር አለበት። ኤንቲፒዲ በተለመደው ቅንብሩ ልዩነቱ ከ128 ሚሊሴኮንድ ሲያልፍ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ያዘልላል፤ ከ1000 ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ሥራውን አቁሞ ይወጣል። የ6 ሰዓት ስህተት ያለበት ሰርቨር በዚህ ምክንያት ራሱን በራሱ አያርምም፤ አስተካካዩ ፕሮግራም በዝምታ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። በሥራ ላይ ያለ ክላስተር ሰዓቱ ቀድሞ ከተገኘ በእጅ ወደኋላ መመለስ የለበትም፤ አገልግሎቱ ይቁም፣ ወይም ሰዓቱ ቀስ እያለ እንዲዘገይ ተደርጎ እውነተኛው ጊዜ ይድረስበት።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የኔትወርክ ክፍሉ ሰዓትን የሰርቨር ክፍሉ ሥራ ያደርገዋል፤ የሰርቨር ክፍሉ ለመረጃ ቋቱ ክፍል ይተወዋል፤ የመረጃ ቋቱ ክፍል ደግሞ ሰዓት እንደ መብራት ከግድግዳ የሚመጣ ነገር ይመስለዋል። በሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ «የሰዓት ሰርቨሮችን መከታተል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ከማንኛውም መሣሪያ ግዢ ይቀድማል። ከዚህ ሰፋ ሲል ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ነው። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳርና በመሳሰሉት ከተሞች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጣሪያ ላይ አንድ አንድ አንቴና ቢተከልና ሰርቨሮቹ በዚሁ የውስጥ መስመር እርስ በርሳቸው ቢመሳከሩ፣ የአንዱ አንቴና ቢበላሽ እንኳ ሌሎቹ ይተኩታል፤ ጥያቄውም ከሀገር ሳይወጣ ይመለሳል።

እስከዚያው ድረስ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ያልተሠራ ሥራ አለ። በድሬዳዋ አንድ ጣሪያ ላይ የጂፒኤስ መቀበያ ተክሎ፣ በእሱ መነሻነት ወደ ተለያዩ የውጭና የሀገር ውስጥ ምንጮች የሚሄደውንና የሚመለሰውን የመስመር ድርሻ ለየብቻ መለካት ይቻላል። ከጥር እስከ ሰኔ ቢለካ የሙቀቱንም ተጽዕኖ በአንድ ላይ ያሳያል፤ ከክፍሉ የሙቀት መለኪያና ከመብራት መቋረጫ መዝገብ ጋር ሲገናኝ ከላይ በምሳሌ የቀረቡት 60ና 140 ቁጥሮች በተለኩ ቁጥሮች ይተካሉ። የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አስቸጋሪው ፈቃድ አንቴናውን ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው።